ወደ ማንኩሳ መልሺኝ

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ፤ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም። ጠረጴዛዬ ላይ ግን አራት መጻሕፍት አሉ፤ አራቱም የአንድ ሰው ናቸው።

ነገሩን የጀመረችው አንዲት ወዳጄ ናት። ባለፈው ሳምንት ቡና እየጠጣን ሳለ፣ «ሰው በሌለበት ደሴት ላይ ብቻሽን ብትቀሪና የአንድ ደራሲ ሁለት ልብ ወለዶች ብቻ ያዢ ብትባዪ የማንን ትይዢ ነበር?» አለችኝ። ደራሲውን ለመምረጥ ስኒዬን እስካስቀምጥ እንኳን አልፈጀብኝም። ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ አልኳት። መጻሕፍቱን መምረጡ ግን ይኸው ሳምንቱን ሙሉ ሲያብሰለስለኝ ከረመ።

ደሴት ሲባል መጀመሪያ የሚታየኝ ጣና ነው። ዳጋ እስጢፋኖስ፣ ክብራን ገብርኤል። በአገራችን ደሴት መጽሐፍ የሚጠፋበት ሳይሆን መጽሐፍ የሚተርፍበት ቦታ ነበር። በግራኝ ጦርነት ዘመን ብዙ ቅርስ ወደ ጣናና ወደ ዝዋይ ደሴቶች ተሻግሮ ነው የዳነው። ታንኳው ላይ የወጣው መነኩሴ አንዱን ብራና አንሥቶ ሌላውን ሲተው ምን አስቦ ይሆን? የወዳጄ ጥያቄ ከጨዋታነቱ ያለፈብኝ እዚህ ላይ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ደግሞ ራሳቸው ሐዲስ ናቸው። እኚህ ሰው ደሴት ላይ መቅረት ምን ማለት እንደሆነ በልብ ወለድ አልነበረም ያወቁት። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ከልዑል ራስ እምሩ ጋር ሽሬ ግንባር ዘምተዋል። ሰሜኑ ከተፈታ በኋላም ትግሉን በምዕራብ ቀጥለው፣ በታኅሣሥ 1929 ጎጀብ ወንዝ አካባቢ ተማረኩ። ያኔ የሃያ ሰባት ዓመት ወጣት ነበሩ። ወደ ጣሊያን ተጋዙ፤ መጀመሪያ ፖንዛ፣ ከዚያም ሊፓሪ በሚባሉ ደሴቶች ታሰሩ። የተፈቱት የተባበሩት ኃይሎች በደረሱ ጊዜ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1943 ነው። ስድስት ዓመት ያለፈ እስር፣ ያውም በወጣትነት ዕድሜ፣ ዙሪያው ባሕር። ታሪክ ደግሞ አንዳንዴ ፍርዱን ራሱ ይሰጣል፦ ሙሶሊኒ በሐምሌ 1935 ከሥልጣን ሲወርድ ለጥቂት ቀናት ያሰሩት እዚያው ፖንዛ ላይ፣ ራስ እምሩ ታስረውበት በነበረው ቤት ውስጥ ነው።

ይህን ሁሉ ያየ ሰው ብዕር ሲያነሣ ስለ ደሴት፣ ስለ ባሕርና ስለ ግዞት ልብ ወለድ ይጽፋል ብላችሁ ብትጠብቁ አይፈረድባችሁም። እርሳቸው ግን ጦርነቱንና ምርኮውን «ትዝታ» ለሚለው መጽሐፋቸው አቆይተው፣ በ1958 ያሳተሙት የመጀመሪያ ልብ ወለዳቸው በሰው የተሞላ ነው። ማንኩሳ፣ ዲማ ጊዮርጊስ፤ ባላገር፣ ደብተራ፣ ፊታውራሪ፣ የቆሎ ተማሪ፣ ገረድ፣ ሽፍታ። ገጹን በገለጣችሁ ቁጥር ሰው ይናገራል፤ ይጣላል፤ ይማለዳል፤ ይሳላል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምርጫዬ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። ይህን ስል አንዳንዶቻችሁ «ይህማ ማንም የሚለው ነው» ማለታችሁ አይቀርም። አዎ፣ ማንም ይለዋል። እኔ ግን የምይዘው ለፍቅሩ አይደለም። በአሥራ ስድስት ዓመቴ ሳነበው በዛብህና ሰብለ ወንጌል እስኪገናኙ ቸኩዬ መጀመሪያውን ዘልዬው ነበር። ዛሬ የምመለሰው በዚያ በዘለልኩት በኩል ነው። የበዛብህን ወላጆች፣ ቦጋለ መብራቱንና ውድነሽ በጣሙን አስታውሱ። ትዳራቸው የጎለመሱ፣ ብቸኝነት የመከራቸው ሰዎች ትዳር ነው። ልጁ ሲወለድ፣ ሲታመም፣ ይኑርልን ብለው ለእግዚአብሔር ሲሳሉት ቆም ብላችሁ አንብቡት። ልጃቸውን ለማዳን የገቡት ስለት ነው ኋላ ልጁ ሲያፈቅር መንገዱ ላይ የሚቆመው። ክፉ ያሰበበት የለም። ሁለት ወላጆች ከመውደድ ብዛት ልጃቸውን ጋብቻ በማያውቅ ሕይወት አሰሩት። እናት ከሆንኩ በኋላ ይህን ክፍል ያለ ፍርሃት አንብቤው አላውቅም።

ጉዱ ካሳንም ይዤው እሄዳለሁ። ኅብረተሰባችንን በካብ የመሰለበትን ንግግር ታስታውሳላችሁ፦ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደርቦ፣ የታችኛው የላይኛውን ተሸክሞ፣ ከሥር አንዷ ብትመዘዝ ሁሉም የሚናድ። አገር ሙሉ «ጉዱ» የሚለው ሰው፣ ከአገር ሁሉ አጥርቶ የሚያየው እርሱ ነው። ሰው መሐል ሆኖ ደሴት ላይ እንዳለ የሚኖር ሰው ካለ ካሳ ዳምጤ ነው። ደሴቱ ላይ የምከራከረው ከእርሱ ጋር ነው የሚሆነው።

አሁን ደግሞ ትንሽ ነገር ላሳያችሁ፤ ይቅርታ፣ ላሰማችሁ። የእኔ ቅጂ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ የገዛሁት ነው፤ ጀርባው በጨርቅ ተለጥፏል፤ ወረቀቱ የሻይ መልክ ይዟል። ከተጠጋችሁ አንዳንዱ ፊደል አናት ላይ ነጥብ ታያላችሁ። የማተሚያ ቤት እድፍ እንዳይመስላችሁ። ሐዲስ ያስደረጉት ነው። ቃሉ ውስጥ የሚጠብቀው ፊደል ላይ ነጥብ አኖሩበት። እንደምታውቁት ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን አይለይም። «አለ» ብለን ስንጽፍ ሰውዬው ተናገረ ማለታችን ይሁን ሰውዬው ይገኛል ማለታችን፣ ዓረፍተ ነገሩ እስኪያልቅ ገምቱ ነው። «ገና» ጊዜው አልደረሰም ይሁን በዓሉ፣ እንዲሁ። ሐዲስ ግን አንባቢው እንዲገምት አልፈለጉም፤ እንዲሰማ ነው የፈለጉት። ልማዱ በሌሎች መጻሕፍት አልተስፋፋም፤ እኔ በበኩሌ ይቆጨኛል። ሰው በሌለበት ቦታ ለሚቀር ሰው ከዚህች ነጥብ የበለጠ ምን ስንቅ አለ? የሰው ድምፅ እየራቀኝ ሲሄድ፣ አማርኛ በሰው አፍ ውስጥ የት ላይ እንደሚረግጥና የት ላይ ለቀቅ እንደሚል የምታስታውሰኝ እርሷ ናት።

ወደ ሁለተኛው መጽሐፍ ልምጣ። በ1974 የወጣው «ወንጀለኛው ዳኛ» አለ፤ በ1980 የወጣው «የልምዣት» አለ። ሁለቱም የተከበሩ ሥራዎች ናቸው። «ወንጀለኛው ዳኛ» ከርእሱ ጀምሮ ይይዛል፤ ፍርድ የሚሰጠው ራሱ ወንጀለኛ ከሆነ አቤት የሚባለው ወዴት ነው? ነገር ግን ይህ ጥያቄ ፍርድ ቤትና ተሟጋች ባለበት አገር ነው የሚያቃጥለው። ማንም ማንንም በማይከስበት ደሴት ላይ ያ እሳት የሚበርድብኝ ይመስለኛል። «የልምዣት»ን ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ አከብረዋለሁ፤ እንደ መጀመሪያው ግን ቤቴ አልሆነም። እናም የወዳጄን ሕግ ልጥስ ነው። ልብ ወለድ ባይሆንም ሁለተኛው «ትዝታ» ይሁንልኝ። ደሴት ላይ ታስሮ የተመለሰን ሰው ቃል ደሴት ላይ ሳልይዝ ልቅር? አልችልም።

ስለ ድምፅ ካነሣሁ አንድ ነገር ሳልናገር አልለያችሁም። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሳነበው አይደለም መጀመሪያ ያወቅኩት፤ ስሰማው ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ላይ ተርኮታል። ብዙዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። ያ ሰዓት ሲደርስ ግን ወንፊቱን ታስቀምጥና እጇን እንደ ዱቄቱ ነጭ አድርጋ ሬዲዮኑ አጠገብ ትቀመጣለች። የሰብለ ወንጌል አባት ፊታውራሪ መሸሻ ሲናገሩ ትቆጣለች፤ ጉዱ ካሳ ሲናገር «እሰይ! ንገራቸው!» ትላለች። የመጨረሻዎቹ ክፍሎች ሲደርሱ ግን ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች። መጨረሻውን አልሰማችውም። ጎረቤት ነግሯት ይሆናል፤ እርሷ ግን አንድም ቀን አላነሣችውም።

እናቴ የታመመች ጊዜ፣ ያቺን ጀርባዋ በጨርቅ የተለጠፈች ቅጂ አልጋዋ ዳር ተቀምጬ አነብላት ነበር። አንድ ማታ ስለ ነጥቦቹ ነገርኳት። «እማዬ፣ ደራሲው ቃሉ የሚጠብቅበት ላይ ነጥብ አድርገውበታል» አልኳት። ትንሽ አሰበችና፣ «ታዲያ እኔ ፊደል ሳልቆጥር የማውቀውን ነዋ የጻፉልሽ» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ስለዚያች ነጥብ ከዚህ የተሻለ ነገር የተናገረ ሰው አልገጠመኝም።

እያነበብን ሰብለ ወንጌል ከአባቷ ቤት ወጥታ፣ እንደ መነኩሴ ለብሳ በዛብህን ፍለጋ መንገድ የምትጀምርበት ቦታ ስንደርስ እጄን ያዘችኝ። «በቃ፤ ወደ ማንኩሳ መልሺኝ» አለች። እኔም መጽሐፉን ከፊት ገልጬ ከቦጋለ መብራቱ ጀመርኩ። ሦስት ጊዜ እንዲህ አደረግን። ሦስቱንም ጊዜ እዚያው ገጽ ላይ ስንደርስ እጄን ትይዘኛለች። አራተኛውን ስንጀምር ውድነሽ በጣሙ ገና አልወለደችም ነበር፤ እናቴ እንቅልፍ ወሰዳት፤ እኔም መብራቱን አጠፋሁ። ከዚያ ወዲያ አላነበብንም።

ያ ገጽ ማዕዘኑ ታጥፏል። አሁን እጄ ላይ ነው፤ እጥፋቱ ከመላላቱ የተነሣ ሊቆረጥ ደርሷል። ወዳጄ አዲስ እትም ገዝተሽ ያዢ፣ ይህኛው የባሕር እርጥበት አይችልም ብላኛለች። እውነቷን ነው። በላስቲክ እጠቀልለዋለሁ እንጂ ሌላ አልይዝም።

ደህና ሁኑልኝ።