መኖሬን የማያውቁ እንስሳት

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ከረማችሁ። ዛሬ እንግዳ የለም፣ እኔና ማይኩ ብቻ ነን። ስለዚህ ብዙ ሰው የማይገባውን ነገሬን ላውራ። አይሶፖድና ስፕሪንግቴይል አረባለሁ። አዎ፣ ድንጋይ ስር የሚርመሰመሱትን።

«ምን ያደርጉልሻል?» ነው ሁሌ የሚመጣው ጥያቄ። ወተት አይሰጡ፣ ቤት አይጠብቁ፣ ሲጠሯቸው አይመጡ። እናቴን አዲስ አበባ ደውዬ በቪዲዮ ሳሳያት፣ «አንቺ ልጅ፣ ሰው ተባይ ያጠፋል እንጂ ያረባል እንዴ?» አለችና ስልኩን ለእህቴ አቀበለቻት።

መልሴ አጭር ነው። ምንም አያደርጉልኝም። እንደውም የወደድኳቸው ለዚህ ነው። ውሻ ዓይን ዓይናችሁን ያያል፣ ድመት እንኳ ሲርባት ትመጣለች። እነዚህ ግን መኖሬንም አያውቁ። ክዳኑን ስከፍት ብርሃን ይገባባቸዋል፣ ይሸሻሉ፣ በቃ። ቀኑን ሙሉ ሥራው ሲጠራኝ፣ ስልኩ ሲጮህ፣ ዘመድ «ጠፋሽ» ሲለኝ ውሎ፣ ማታ ምንም ከማይፈልግብኝ ነገር አጠገብ መቀመጥ ለኔ ትልቅ ነገር ነው።

እሺ፣ ምንድን ናቸው? አይሶፖድ ነፍሳት አይደለም። የሸርጣንና የሽሪምፕ ዘመድ ነው፣ አያቶቹ ከውሃ ወጥተው የብስ ላይ የቀሩ። አሥራ አራት እግር አለው። የሚተነፍስባቸው ክፍሎች ከሆዱ ስር ወደ ኋላ በኩል ናቸው፣ እነሱ ከደረቁ አየር ያጥረዋል፤ እርጥብ ድንጋይና የበሰበሰ ግንድ ስር የምታገኙት ለዚህ ነው። እዚህ ሜሪላንድ የአበባ ማሰሮ ስታነሱ የምታዩት ግራጫው፣ ሲነኩት ክብ ሆኖ የሚጠቀለለው፣ አርማዲሊዲየም ቩልጋሬ ይባላል። የዚህ አገር ተወላጅ አይደለም፣ ከአውሮፓ የመጣ ነው። እሱም መጤ፣ እኔም መጤ። ልዩነታችን እሱ ግሪን ካርድ አልጠበቀም።

ቆዳ ሲቀይር ማየት አለባችሁ። ባንዴ አይገፈውም። መጀመሪያ የኋላ ግማሹን ያወልቃል፣ ቆየት ብሎ ደግሞ የፊቱን። በመሃል ግማሽ ጎኑ የፈዘዘ፣ ግማሹ ግራጫ ሆኖ ሲዞር ታገኙታላችሁ፣ አዲስ ሰው ታሞብኝ ነው ብሎ ይደነግጣል። ደህና ነው፣ ተዉት። አውልቆ የጣለውንም ቆዳ ካልሲየሙ እንዳይባክን መልሶ ይበላዋል። እናቲቱ ደግሞ እንቁላሎቿን ሆዷ ስር ባለ ፈሳሽ የያዘ ከረጢት ተሸክማ ነው የምትዞረው። ከባህር ወጥታም ለልጆቿ ትንሽ ውሃ ይዛላቸዋለች። ሲወጡ ነጫጭ ናቸው፣ ለማየትም ይቸግራሉ፣ አንድ ጥንድ እግር ይጎድላቸዋል፣ በኋላ ይበቅላል።

ቤታቸው ቀላል ነው። የጫማ ማስቀመጫ ፕላስቲክ ሳጥን፣ ጎኑ ላይ የአየር ቀዳዳ። ማዳበሪያም የተባይ መድኃኒትም ያልነካው አፈር፣ የደረቀ የኦክ ቅጠል፣ የበሰበሰ እንጨት፣ የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት። አንዱ ጥግ እርጥብ ይሁን፣ ሌላው ደረቅ። ይሄ ዋናው ነው፤ የት እንደሚሻላቸው ራሳቸው ይምረጡ። አልፎ አልፎ የደረቀ ሽሪምፕ ጣል አደርግላቸዋለሁ፣ የገዛ ዘመዳቸውን ሲበሉ ምንም አይመስላቸውም። ከዚያ በኋላ መተው ነው። ብዙ ሳጥን የሚያልቀው በቸልተኝነት ሳይሆን በእንክብካቤ ብዛት ነው። በየቀኑ ውሃ፣ በየቀኑ ካሮት፣ በየቀኑ ክዳን ከፍቶ መቆፈር። እንግዳን ጠገብኩ እያለ በግድ ለምናጎርስ ሰዎች ይሄ ይከብዳል፣ አውቃለሁ።

ስፕሪንግቴይሎቹ ደግሞ ያስቁኛል። ብዙዎቹ ከ1 እስከ 3 ሚሊሜትር ቢሆኑ ነው። እኔ ጋ ያሉት ፎልሶሚያ ካንዲዳ ናቸው፤ ከሰል ላይ ስታዩአቸው ነጭ ጤፍ የፈሰሰ ይመስላል፣ ከዚያ ጤፉ መሄድ ይጀምራል። ስፕሪንግቴይል ሆዱ ስር ታጥፎ የተያዘ ሹካ ነገር አለው፣ ሲደነግጥ ይለቀዋል፣ መሬቱን መትቶ ያስፈነጥረዋል። የኔዎቹ ወንድም አያስፈልጋቸውም፣ ሴቶቹ ብቻቸውን ይራባሉ። ላቦራቶሪዎች አፈር መበከሉን ለመመርመር የሚጠቀሙትም እነዚሁኑ ነው።

የማረባቸው እዚያው ከሰል ላይ ነው። ለቡና የምናቀጣጥለው ዓይነት የእንጨት ከሰል፣ ግን ቶሎ እንዲያያዝ ኬሚካል የነካው አይሆንም። ክዳን ያለው ዕቃ ውስጥ ከሰሉን ታስገባላችሁ፣ ከስር ትንሽ ውሃ፣ ከላይ በጣት የተቆነጠረ ደረቅ እርሾ ወይም ጥቂት የሩዝ ፍሬ። ሻጋታ ሲወጣበት ሻጋታውን ይበሉታል። ወደ ሌላ ሳጥን ላዛውራቸው ስፈልግ ውሃ እጨምርበታለሁ፤ ቆዳቸውን ውሃ አያርሰውም፣ ተንሳፍፈው ይወጣሉ፣ ከነውሃው ማፍሰስ ነው። ወደ አይሶፖዶቹ ሳጥን ሲገቡ፣ የተረፈው ምግብ ሲሻግት የሚያጸዱት እነሱ ናቸው፤ የጽዳት ሠራተኛ ቀጥሬያለሁ ማለት ነው፣ ያለ ደመወዝ።

ደግሞ ዕድሜያቸው። ስኮትላንድ ውስጥ ራይኒ የሚባል ቦታ ድንጋይ ውስጥ የተገኘው ስፕሪንግቴይል 400 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ይሆነዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1926 ራይኒየላ የሚል ስም ወጣለት። ዳይኖሰር ገና ሳይታሰብ ነበሩ። ከዚህ በኋላ ምን ይጠቅማሉ ብሎ መጠየቅ ትንሽ ድፍረት ነው።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ፣ ወደ ገበያው። ራበር ዳኪ የሚሉት አለ፣ ፊቱ ቢጫ ዳክዬ የሚመስል፣ ኩባሪስ ከሚባሉት አይሶፖዶች ወገን፣ ከታይላንድ የኖራ ድንጋይ ዋሻዎች የመጣ። ያምራል፣ አልዋሽም። ከኩባሪሶቹ ብዙዎቹ ሳይንሳዊ ስም እንኳ ሳይወጣላቸው የንግድ ስም ወጥቶላቸው ይሸጣሉ። ቀስ ብለው ስለሚራቡ ይወደዳሉ፣ ሲወደዱ ደግሞ ከዋሻው የሚለቅም ሰው ይመጣል። አንድ አካባቢ ብቻ የሚኖር ፍጥረት የስንት ሰው ሳጥን ሊሞላ ነው? እኔ ሰው እጅ ላይ የተራባውን ብቻ ነው የምገዛው፣ ሻጩ ከየት እንዳመጣው በደንብ ካልነገረኝ አልፌው እሄዳለሁ። ስልኩ ላይ ዝርዝር ይዞ «ይሄ አለኝ፣ ያ ይቀረኛል» የሚል ሰው አውቃለሁ። ሳጥኖቹን ቁጭ ብሎ ሲያይ ግን አላየሁትም፤ ሁሌ የሚቀጥለውን እየፈለገ ነው።

ለኔ ግራጫው ይበቃኛል። ማታ መብራቱን ደብዘዝ አድርጌ ቅጠሉ ላይ ጠዋት ያልነበረ ቀዳዳ እፈልጋለሁ፤ ከሥሩ አንዱ እየጋጠ ይሆናል፣ ሌላው ይገፋዋል፣ ሦስተኛው በላያቸው ያልፋል፣ እንዲህ እያየሁ ሰዓቱ ይሄዳል።

መጀመር ለፈለጋችሁ ብር አታውጡ። ዝናብ ካባራ በኋላ ጓሯችሁ ውጡና ድንጋይ ገልብጡ፣ አሥር አሥራ አምስት ያህል ውሰዱ፣ መድኃኒት ካልተረጨበት ቦታ ቅጠል ልቀሙ። ከሱቅ የገዛችሁትን ግን ሰለቸኝ ብላችሁ ደጅ አትልቀቁ፣ የአካባቢው አይደለም። ድንጋዩንም እንደነበረ መልሱት፣ ስሩ የቀሩ አሉ። በሚቀጥለው ዝግጅት፣ ሳጥን ውስጥ ሳይጠሩ ስለሚገቡት ጥቃቅን ዝንቦች እናወራለን፣ እሱ ሌላ ጣጣ ነው። ቻው።