ያለ «ቦንዡር» ዳቦ የለም

(ምስል፦ ማለዳ፣ ፓሪስ። የሰፈር ጥግ ላይ መብራቱ የበራ ዳቦ ቤት። በሩ ላይ አጭር ሰልፍ።)

ፈረንሳይ ደርሶ የተመለሰ ሰው አንድ ወሬ አያጣም። «ሰዎቹ ፊት አይሰጡም፣ ያመናጭቃሉ» ይላል። እኔም መጀመሪያ ሰሞን እንደዚያ ብያለሁ። ሐሳቤን ያስቀየሩኝ ስማቸውን እንኳን የማላውቃቸው ዳቦ ሻጭ ናቸው።

ፓሪስ በገባሁ በሁለተኛው ቀን ነው። ተሰለፍኩ፣ ተራዬ ደረሰ። ማታውን ስለማመደው ያመሸሁትን ነገር ተናገርኩ፤ «አንድ ባጌት እባክዎ»። (ባጌት ረጅሙ ቀጭን የፈረንሳይ ዳቦ ነው።) በፈረንሳይኛ፣ ያለ ስህተት። ከባንኮኒው ጀርባ ያሉት ሴት ንቅንቅ አላሉም። ዓይን ዓይኔን እያዩ «ቦንዡር» አሉኝ። አልሰሙኝም ብዬ «አንድ ባጌት» አልኩ ደግሜ። እሳቸውም ረጋ ብለው ደገሙት፤ «ቦንዡር»። ይሄኔ ገባኝ፤ መጀመሪያ ሰላም እንድላቸው ነው የሚጠብቁት። «ቦንዡር ማዳም» ስል ፊታቸው ፈካ፣ ዳቦውም ወዲያው መጣ።

እንደምን ዋላችሁ፣ እንደምን አመሻችሁ። ዛሬ ከዚህች ዳቦ ቤት አንወጣም። የፈረንሳይን ኑሮ ማወቅ ለሚፈልግ ሰው ከኤፍል ማማ ይልቅ የዳቦ ቤት ሰልፍ ብዙ ያሳያል ብዬ አምናለሁ።

(ምስል፦ በሩ ሲከፈት። አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን ነካ አድርገው ሲገቡ።)

በሰላምታው እንጀምር። ለፈረንሳይ ሰው ሱቅ የባለሱቁ ግዛት ነው። በር ገፍተህ ስትገባ ሰው ቤት እንደገባህ ይቆጠራል። ሰላም ሳትል «ስጠኝ» ካልክ ሻጩን እንደ ዕቃ አየኸው ማለት ነው። እሱም በዚያው ልክ ይመልስልሃል። ይሄ ለእኛ ብዙ ማስረዳት አያስፈልገውም። አገር ቤት አንድ መንገደኛ መጥቶ ጤና ይስጥልኝ ሳይል «ቀበሌው በየት ነው?» ቢል ምን እንደምንለው እናውቃለን። ከአሜሪካ ወይም ከለንደን የሚመጣ ቱሪስት ግን ሻጩን ላለማስቸገር ብሎ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ይገባል። ትሕትና ያደረገ መስሎት ይሰድባል።

ከትልልቆቹ ከተሞች ወጣ ስትሉ ደግሞ የሚገባው ሰው ለሻጯ ብቻ ሰላምታ ሰጥቶ አይቆምም። ለተሰለፈው ሁሉ «ቦንዡር መሲዩ ዳም» ይላል፤ ጤና ይስጥልኝ ጌቶችና እመቤቶች እንደማለት። ሰልፉም አፉ ውስጥ እያጉተመተመ ይመልሳል። ሲመሽ «ቦንሷር» ይሆናል። ስትወጡ «መርሲ፣ ቦን ዡርኔ፣ ኦ ርቯር»፤ አመሰግናለሁ፣ መልካም ቀን፣ ደህና ሁኑ። ሦስቱም ባንድ ትንፋሽ ነው የሚባሉት። አንድ ነገር ተጠንቀቁ። ጠዋት ቦንዡር ያላችሁትን ሰው ከሰዓት ስታገኙት እንደገና ቦንዡር ካላችሁት፣ የጠዋቱን የረሳችሁ ይመስለዋል። ለዚህ ነው ሰዎች «ርቦንዡር» የሚሉት፤ እንደገና ሰላም እንደማለት።

የ«መሲዩ» ነጠላ የሆነውን «ሙሲዬ» የሚለውን ቃል፣ ማለትም «ጌታዬ»ን፣ ሳነሳ አያቶቻችን ትዝ ይሉኛል። በምኒልክ ዘመን የንጉሡ አማካሪ የነበረውን የስዊዘርላንድ መሐንዲስ «ሙሴ ኢልግ» ይሉት ነበር። ያ «ሙሴ» ነቢዩ አይደለም፤ ይሄው «ሙሲዬ» ነው። የአዲስ አበባው ለገሃርም «ላ ጋር» ማለት ነው፤ ባቡር ጣቢያው። ከጅቡቲ የመጣው የባቡር ሐዲድ የፈረንሳይኛ ቃላትንም ጭኖ መጥቷል።

(ምስል፦ ሻጯ ከአንድ ወጣት ደንበኛ ጋር ሲነጋገሩ።)

አሁን ጆሯችሁን ጣል አድርጉ። ሴትዮዋ ስልሳ ዓመት ያለፋቸው ይመስላሉ። ልጁ ሃያ ቢሆነው ነው። ግን «ቩ» እያሉ ነው የሚያናግሩት፤ በእኛ «እርስዎ»። ፈረንሳይኛ እንደ አማርኛ አንተና አንቱ አለው። እንግሊዝኛ ብቻ የሚያውቅ ሰው ይሄን ለመልመድ ዓመት ሲፈጅበት እኛ በአንድ ቀን እንረዳዋለን። ልዩነቱን ግን ልብ በሉ። እኛ ዘንድ አንቱታ በአብዛኛው ወደ ላይ ነው የሚሄደው፤ ለታላቅ፣ ለተከበረ። ትልቅ ሰው ልጅ እግሩን «አንተ፣ ልጄ» ቢለው ያምርበታል። እዚያ ግን አንቱታው ከሁለቱም በኩል ነው። የማይተዋወቁ ሁለት ሰዎች በዕድሜ ቢራራቁም አንቱ ይባባላሉ። «ቱ»፣ ማለትም «አንተ»፣ ለቤተሰብ፣ ለጓደኛና ለሕፃን ነው። ከአንቱ ወደ አንተ ለመሻገር ፈቃድ ይጠየቃል። አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚጋብዘው በዕድሜ ወይም በሥልጣን የሚበልጠው ነው። እናትና አባቷን ሳይቀር አንቱ የምትል ልጅ ያለችባቸው ጥቂት የድሮ ባላባት ቤተሰቦችም አሉ።

(ምስል፦ መደርደሪያው። የተደረደሩ ባጌቶች። ካሜራው ቀስ ብሎ ይቀርባል።)

ወደ ዳቦው እንምጣ። ሁለት ዓይነት ታያላችሁ። አንደኛው ተራው ባጌት ነው፤ ቀጥ ያለ፣ ሁሉም እኩል፣ ውስጡ ነጭ። ሁለተኛው «ትራዲሲዮን» ይባላል። ጫፎቹ ሾል ያሉ፣ ቅርፊቱ ጠቆር ያለ፣ አንዱ ከሌላው የማይመሳሰል። ዋጋውም ሳንቲም ቢጤ ይጨምራል። ሰባብራችሁ ስታዩት ውስጡ ቅቤ መሳይ ቀለም አለው፣ ቀዳዳዎቹም ትልቅና ትንሽ የተደባለቁ ናቸው። ሊጡ ረጅም ሰዓት ስለሚቦካ ነው። ሲጫኑት ኮሽ የሚል ድምፅ ከሌለው ደንበኛው ፊቱን ያጠቁራል።

ይሄ «ትራዲሲዮን» የሚለው ስም ዝም ብሎ የተለጠፈ ማስታወቂያ እንዳይመስላችሁ። በ1993 መንግሥት ደንብ አውጥቶለታል። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።) ዱቄት፣ ውሃ፣ ጨው፣ እርሾ። የኬሚካል ማሻሻያ ክልክል ነው። ሊጡን በረዶ አድርጎ ማቆየትም ክልክል ነው። እስከ 2 በመቶ የባቄላ ዱቄት ግን ይፈቀዳል፤ አዎ፣ የእኛው ባቄላ። በ1998 ደግሞ ሌላ ሕግ ወጣ። ሊጡን እዚያው ቤት አቡክቶ፣ ቅርፅ አስይዞ፣ ጋግሮ የማይሸጥ ሰው በሩ ላይ «ቡላንዤሪ»፣ ማለትም «ዳቦ ቤት»፣ ብሎ መጻፍ አይችልም። የተጋገረ አምጥቶ መሸጥ ይችላል፤ ስሙን ግን መጠቀም አይችልም።

ለአንድ ዳቦ ይሄ ሁሉ ሕግ ለምን? ዳቦ እዚያ አገር ቀልድ ሆኖ አያውቅም። ጥቅምት 5 ቀን 1789 የፓሪስ ሴቶች ዳቦ ጠፋብን፣ ተወደደብን ብለው በእግራቸው ንጉሡ እስካሉበት እስከ ቬርሳይ ድረስ ሄዱ። በማግስቱ ንጉሡን፣ ንግሥቲቱንና ልጃቸውን ይዘው ወደ ፓሪስ ሲመለሱ «ዳቦ ጋጋሪውን፣ ሚስቱንና ትንሹን ረዳት አመጣናቸው» ይሉ ነበር ይባላል። የዳቦ ዋጋ የሚወሰነው በመንግሥት ነበር፤ እስከ ሃያኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አካባቢ ድረስ። በ2022 ዩኔስኮ የባጌትን አሠራርና ባህል በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሲያሰፍር፣ ብዙዎች የተደሰቱት ስለ ዝናው ብቻ አልነበረም። በየገጠሩ የሚዘጉት ትንንሽ ዳቦ ቤቶች ያሳስቧቸዋል። መንደር ውስጥ ዳቦ ቤት ከተዘጋ ሽማግሌዎቹ በቀን አንዴ ከቤት የሚወጡበት ምክንያት አብሮ ይጠፋል።

ፓሪስ ከ1994 ጀምሮ በየዓመቱ የምርጥ ባጌት ውድድር ታካሂዳለች። ርዝመቱ ይለካል፣ ክብደቱ ይመዘናል፣ ከዚያ ይቀመሳል። ያሸነፈው 4 ሺህ ዩሮ ያገኛል፣ ለአንድ ዓመትም ለፕሬዚዳንቱ ቤተ መንግሥት ለኤሊዜ ዳቦ ያቀርባል። ካሸነፉት መካከል የቱኒዚያና የሴኔጋል ዝርያ ያላቸው ጋጋሪዎች አሉ። እኔ ይሄን ስሰማ ደስ ይለኛል። የአገሩ ምልክት የሆነው ዳቦ በስደተኛ ልጅ እጅ ተጋግሮ ቤተ መንግሥት ይገባል።

(ምስል፦ የሻጯ እጆች። ቢላ። ባጌት ለሁለት ሲቆረጥ።)

ይቺን ነገር ልብ ብላችሁ እዩልኝ። ከፊታችን ያሉት አዛውንት «ግማሽ ባጌት» አሉ። ሴትዮዋ አንድ ሙሉ ባጌት አንስተው ለሁለት ቆረጡት፣ ወገቡን በትንሽ ወረቀት ጠቅለል አድርገው ሰጧቸው። ወረቀቱ እጅ የሚይዝበትን ቦታ ብቻ ነው የሚሸፍነው። ለብቻው የሚኖር ሰው ሙሉውን አይጨርሰውም፣ ነገ ደግሞ ይደርቃል። አዛውንቱ ሳንቲሙን ሻጯ እጅ ላይ አላስቀመጡም፤ ባንኮኒው ላይ ያለች ትንሽ ሳህን ላይ ጣል አደረጉ። ሻጯ ሳይጠየቁ «እንደ ሁልጊዜው ብስል ያለውን ነው የመረጥኩልዎት» አሉ። ዳቦውን ጠቆር ያለ ወይም ነጣ ያለ ብሎ መምረጥ የደንበኛው መብት ነው። ሻጯ የሰፈሩን ሰው ምርጫ በቃላቸው ያውቁታል።

ቤት ሲደርስ ባጌቱ ሳህን የለውም፤ የጠረጴዛው ልብስ ላይ ይቀመጣል። ተገልብጦ ግን አይቀመጥም፣ ገድ የለውም ይላሉ። ድሮ ሞት የተፈረደበትን ለሚገድለው ሰው የሚለየውን ዳቦ፣ ጋጋሪው ገልብጦ ያስቀምጥለት ነበር የሚል አፈ ታሪክ አለ። የጥንት ካቶሊክ እናቶች ደግሞ ትልቁን ዳቦ ከመቁረሳቸው በፊት ሥሩ ላይ በቢላ ጫፍ መስቀል ይሠሩበት ነበር። ድፎ ዳቦ ተባርኮ ሲቆረስ ያየ ሰው ያቺን እጅ ያውቃታል።

(ምስል፦ ጎዳናው። ስምንት ዓመት የሚሆናት ልጅ ባጌት ታቅፋ ስትራመድ።)

የባጌቱ ጫፍ «ኪኞን» ይባላል። ትኩስ እያለ መንገድ ላይ ይቆረሳል፣ እንደቆሙ ይበላል። ሱፍ የለበሰው ሠራተኛም፣ አዛውንቱም፣ ተማሪውም ያደርገዋል፤ ማንም ነውር ነው አይልም። ዳቦ ግዢ ተብላ የተላከች ልጅ ደግሞ አንዱን ጫፍ ሳትነካ ቤት አትደርስም። ደረጃውን ትወጣለች። በሩ ይከፈታል። እናቷ ባጌቱን ታያለች፣ ከዚያ ልጅቷን። አፏ ዙሪያ ፍርፋሪ አለ።