ነካሁት፣ ልልቀቀው?

እሺ። ማይኩ እየሰራ መሰለኝ። ዶሮው ዛሬም እዚሁ ነው፤ ከጮኸ እኔ የለሁበትም፣ ስሞታችሁን ለአከራይዬ።

ዛሬ ስለ መብራቱ ላወራላችሁ ነበር። ተዉት። የጋሼ፣ የሰሜን ሸዋው የእነዋሪ እህል ነጋዴ፣ ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣ ብሎኛል።

አፑን ታውቁታላችሁ፤ ያ የተረከብነው፣ የሱቅ ሽያጭና ዱቤ መመዝገቢያው። አራት በተን ነው ያለው። «ሸጥኩ»፣ «ዱቤ»፣ «ተከፈለ»፣ «ሰርዝ»። በቃ። ጋሼ እህል መደብራቸው ውስጥ ሚዛኑ አጠገብ ተቀምጠዋል። እኔ ጤፍ ከረጢት ላይ። አንድ ባለዕዳ ገባ። 5,000 ብር አለበት፣ 2,000 ይዞ መጥቷል። ጋሼ ብሩን ተቀበሉ፣ ቆጠሩ፣ ደግመው ቆጠሩ፣ ኪሳቸው ከተቱ። ስልኩን አነሱና 2,000 ጻፉ። «ተከፈለ»ን ነኩ።

ዝም።

ደግመው ነኩ። አሁንም ዝም። ከዚያ ድንገት ቁጥሩ ተቀየረ። ቀሪ ዕዳ፦ 1,000።

መጀመሪያ የተናገረው ማን ይመስላችኋል? ባለዕዳው! አንገቱን አስግጎ እያየ ነበር። «ኧረ ጋሼ፣ የቀረብኝ ሦስት ሺህ ነው» አለ። ዝም ቢል እኮ 2,000 ብር አተረፈ። ስለሱ ብቻ አንድ ክፍል ይወጣዋል፤ ግን ዛሬ የሚያብሰለስለኝ እሱ አይደለም።

ጋሼ ስልኩን አላዩም። ጣታቸውን ነው ያዩት። እንዲህ ገለበጥ አድርገው። ከዚያ በጋቢያቸው ጠረግ አደረጓትና «ይቺ ጣት ናት» አሉ። «ጋሼ፣ እርስዎ አይደሉም፣ ኮዱ ነው» አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝና «ስልክ ምን ያውቃል ልጄ? የነካሁት እኔ» አሉኝ።

ቆይ፣ ይሄን ልድገመው። የነካሁት እኔ። አርባ ሰው ዱቤ በቃላቸው የሚይዙ ሰው ናቸው እኮ።

እሺ፣ ምን ሆኖ ነው? ስልኩ ስላልሰማ አልነበረም ዝም ያለው። አንድሮይድ ላይ ስክሪኑን የሚስለውም ንኪውን የሚቀበለውም አንድ የሥራ መስመር ነው፤ ሜይን ትሬድ ይሉታል። እሱ ዳታቤዝ ሲጽፍ ከተያዘ ንኪው አይጠፋም፤ ሰልፍ ይይዛል። ሁለተኛውም ከኋላው ይሰለፋል። ሥራው ሲያልቅ ሁለቱም በየተራቸው ይስተናገዳሉ። «አፑ ምላሽ እየሰጠ አይደለም» የሚለው መልእክት የሚመጣው አምስት ሰከንድ ያህል ካለፈ በኋላ ነው። ከዚያ በታች ከሆነ ማንም ምንም አይልህም።

ሌላም አለ። ጋሼ እዚያው እነዋሪ ዙሪያ፣ የጅሩ ገበሬ ልጅ ናቸው። እዚያ መሬቱ መረሬ ነው፣ ውሃ ይቋጥራል። ስለዚህ ከታረሰ በኋላ አፈሩን በእጅ እያነሱ መደብና ቦይ ያወጡለታል። በልጅነታቸው ያን ሲሰሩ ነው ያደጉት። መዳፋቸው እስካሁን ሻካራ ነው። የስልክ ስክሪን ደግሞ የሚለየው የጣትን የኤሌክትሪክ ባሕርይ ነው፤ ደረቅና የጠነከረ ቆዳ ሲሆን ምልክቱ ይሳሳበታል። አንዳንዴ የመጀመሪያው ንኪ እውነትም አይያዝም። እና ሁለቴ መንካትን ያስተማራቸው ማነው? ስልኩ ራሱ አይደል?

ኧረ እኔስ ተናደድኩ መሰለኝ።

አቶ ስዊች ኬዝ ደግሞ፣ ታውቁታላችሁ አብሮኝ የሚሰራውን ልጅ፣ ሁሉን አንድ ቦታ ሰብስቦ በየ«ኬዙ» መለየት የሚወደውን፣ ስነግረው ደስ አለው። አፑ ሲመጣ አራቱም በተኖች አንድ ክሊክ ሊስነር፣ ንኪ የሚቀበል ኮድ፣ ላይ ነበሩ፤ ውስጡ በአይዲ፣ በየበተኑ መለያ፣ እየተለየ። እኔ እያንዳንዱ የራሱ ላምዳ፣ የራሱ ትንሽ ኮድ፣ ይኑረው ባይ ነኝ። ኮዱን ስከፍት «ተከፈለ» ምን እንደሚሰራ እዚያው ልየው። እሱ ደግሞ «ሁሉም በአንድ በር ከገባ ዘበኛው አንድ ይበቃል» ይላል። ግማሽ ሰከንድ ሳይሞላ የመጣን ንኪ ዘበኛው ይመልሰው ነው የሚለው።

ጥሩ። ግን ጋሼ «ሸጥኩ»ን ነክተው ወዲያው «ተከፈለ»ን ቢነኩስ? ዘበኛው አንድ ከሆነ ሁለተኛውን ይመልሰዋል። እሱ እኮ እውነተኛ ክፍያ ነው! ስለዚህ የመጨረሻው ንኪ ሰዓት ለየበተኑ ለብቻው መያዝ አለበት። «ታዲያ እንዲያ ይያዛ» አለኝ። ይሄ ልጅ ሲሸነፍ እንኳ ያሸነፈ ይመስላል።

በነገራችን ላይ፣ አንድሮይድ በጃቫ ቋንቋ የምትማሩ ልጆች፣ ከደብረ ብርሃን እየደወላችሁ «ኮንስታንት ኤክስፕሬሽን ሪኳየርድ፣ ቋሚ ቁጥር አምጣ አለኝ» የምትሉኝ። ቪዲዮው አርጅቶባችሁ ነው። አፑን የሚገነባው መሣሪያ፣ የአንድሮይድ ግሬድል ፕለጊን፣ በፈረንጁ 2023 ከወጣው 8.0 ወዲህ ካልቀየራችሁት በቀር የሪሶርስ አይዲዎቹን፣ እነዚያን የበተን መለያዎች፣ እንደ ቋሚ ቁጥር አይቆጥራቸውም። ስለዚህ ስዊች ውስጥ ኬዝ ላይ አይገቡም። በኢፍ ኤልስ አድርጉት። ኮትሊን በሚባለው ቋንቋ ደግሞ በ«ዌን» ይሄዳል። አበቃሁ።

የንኪውን ሰዓት ደግሞ ከስልኩ ሰዓት እንዳትወስዱ። ጋሼ ስልካቸውን በሀበሻ አቆጣጠር ነው የሞሉት። ልጃቸው ከአዲስ አበባ ሲመጣ ወደ ፈረንጁ ይመልሰዋል፣ ሲሄድ እሳቸው መልሰው ወደ ሀበሻ። ስድስት ሰዓት ወደኋላ ስድስት ሰዓት ወደፊት! ስልኩ ከተነሳ ጀምሮ የሚቆጥረውን፣ ኢላፕስድ ሪልታይም የሚባለውን፣ ነው መጠቀም። እሱን ማንም አይነካካውም። ደግሞ ዘበኛ ብቻውን አይበቃም፤ ክፍያው የራሱ መለያ ኖሮት ሁለቴ ቢመጣም አንዴ እንዲጻፍ ነው ያደረግነው።

ስለዚህ ተስተካክሏል። ሠላሳ ጊዜ ንኩት፣ አንድ ነው የሚጽፈው።

ግን ጋሼ አሁን እንዴት እንደሚነኩ ብታዩ። በቀደም ደወሉልኝ። በሌላው ስልካቸው። «ነካሁት። ልልቀቀው?» አሉኝ።

መጀመሪያ አልገባኝም። ለካ በተኑ ላይ ጣታቸውን አሳርፈው ይዘውታል። እንዳይደገም። «መዘገብኩ» እስኪላቸው ይጠብቃሉ። ክሊክ ደግሞ የሚፈጠረው ጣት ሲያርፍ አይደለም፣ ሲነሳ ነው። ሳያነሱት ምንም አይመጣም። ሲጨንቃቸው ጣታቸውን ሸርተት አድርገው ከበተኑ ውጭ ያነሱታል። ያኔ ጭራሽ ይሰረዛል። እሳቸው ስልኩን፣ ስልኩ እሳቸውን እየጠበቀ...

«ይልቀቁት ጋሼ» አልኳቸው። «እርግጠኛ ነህ?» አሉኝ። እሺ በሏቸው እንግዲህ።

ንዝረት ላስገባበት እያሰብኩ ነው። ልክ ሲነኩት ትንሽ እንዲንቀጠቀጥ። አቶ ስዊች ኬዝ «የባሰ ይደነግጣሉ» ይላል። ሊሆን ይችላል። ወይ ደግሞ ሲነካ ቀለሙ ይቀየር... ግን ጣታቸው ራሱ በተኑን ይሸፍነዋል፣ የት ያዩታል? ስልጠና እንስጣቸው አለ አንዱ። ለምን? ምን አጥፍተው?

ደብተሩንም እኮ አልተዉትም። ሁለቱም ላይ ነው የሚጽፉት። መጀመሪያ ደብተሩ ላይ መሰለኝ። ወይስ ስልኩ ላይ? እሱን ማየት ነበረብኝ፣ ምክንያቱም መጀመሪያ ደብተሩ ላይ ከሆነ እኔ የምሰራው ነገር... አይ፣ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው። ቅዳሜ እሄዳለሁ። ማለቴ መኪና ከተገኘ ነው፣ እንጂ...