በስንተኛው ተነሳ?

ሰላም፣ ጤና ይስጥልኝ። እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። የምቀዳው ከዕቃ ቤት ስለሆነ ድምፄ ትንሽ ሊያስተጋባ ይችላል። በሩን ከፍቼዋለሁ፤ የቤንዚን ሽታ አለ። እግሬ ሥር የሳር ማጨጃ ማሽኔ ቁጭ ብሏል። ቀይ ነበር፤ አሁን ቀለሙ ለቋል። 11 ዓመት አብረን ኖረናል።

ስለ እሱ ማውራት ከፈለግኩ ቆይቻለሁ። «ስለ ማሽን ምን የሚወራ አለ?» የሚሉኝ ጓደኞች አሉኝ። እኔ ግን ከዚህ ማሽን ብዙ ተምሬያለሁ፤ አንዳንዱን ትምህርት ደግሞ በውድ ነው ያገኘሁት።

በቤንዚን የሚሠራ የግቢ ማሽን ያላችሁ ይህን ታውቁታላችሁ። ሳሩ ቁርጭምጭሚት አልፏል። ቀኑ ደስ ይላል። ማሽኑን አውጥታችሁ ገመዱን ትስባላችሁ። ዝም። ትደግማላችሁ። አሁንም ዝም። አሥር፣ ሃያ፣ ሠላሳ ጊዜ። ትከሻችሁ ይዝላል፣ መዳፋችሁ ይላጣል።

እኔ ላይ በሦስተኛው ዓመት ደረሰብኝ። ወቅቱ ሲያልቅ ማሽኑ ምንም አልነበረበትም። አጭጄ ጨረስኩ፣ ወደ ዕቃ ቤት ገፋሁት፣ በሩን ዘጋሁ። ስድስት ወር ያህል ዞር ብዬ አላየሁትም። ስመለስ አልነሳም አለ።

መጀመሪያ የከሰስኩት ማሽኑን ነው። «ዕቃው ድሮም ጥሩ አልነበረም» አልኩ። ሞተሩ ውስጥ እሳት የምትጭረውን ካንዴላ ቀየርኩ። የአየር ፊልትሮ ቀየርኩ። ሌላ የማደርገው ሲጠፋኝ ዘይት ጨመርኩበት። ዘይቱ ግን አልጎደለም ነበር። ከልክ ያለፈ ዘይት ራሱ ችግር እንደሆነ፣ ሞተሩ ነጭ ጭስ እንደሚተፋ ያን ጊዜ አላውቅም።

ጎረቤቴ አዛውንት ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሞተር ሲጠግኑ የኖሩ ሰው። «ጋሼ» ነው የምላቸው። ገመዱ ሲሳብ እየሰሙ፣ ሞተሩ ሲነሳ ግን ስላልሰሙ ቀስ እያሉ መጡ።

«ልጄ፣ ስንቴ ሳብሽው?»

«አልቆጠርኩም ጋሼ።»

«መቁጠር ነበረብሽ። ቤንዚኑንስ መቼ ነው የቀዳሽው?»

ጥያቄው ግራ ገባኝ። ቤንዚን መቼም ቤንዚን ነው ብዬ ነበር የማስበው። የታንኩን ክዳን ከፍተው አሸተቱ፤ እኔንም «አሽትቺ» አሉኝ። ቤንዚን ቤንዚን አይልም። እንደ ቫርኒሽ ያለ፣ ከበድ ያለ፣ የሚኮመጥጥ ሽታ ነው ያለው።

ከዚያ ቤንዚኑን ከአየር ጋር የሚቀላቅለውን ካርቡሬተሩን ከፈቱት። ሥሩ ላይ ሲኒ የምታክል ነገር አለች፤ ቤንዚን ወደ ሞተሩ ከመግባቱ በፊት የሚጠራቀመው እሷ ውስጥ ነው። በአንድ ብሎን ነው የምትያዘው። ስትወርድ ውስጧ ቡናማ ዝቃጭ ነበር። ቀጥለው ትንሽ የናስ ብሎን አወጡ። መሐሏ ከ1 ሚሊ ሜትር ያነሰች ቀዳዳ አለች። ሞተሩ የሚጠጣው በሙሉ የሚያልፈው በዚያች ቀዳዳ ነው። ወደ ብርሃን አነሷትና «እዪ» አሉኝ። አየሁ። ምንም ብርሃን አያሳልፍም። ድፍን ነው።

«በሽቦ ልጎርጉረው?» አልኳቸው።

«ኧረ በፍጹም! ቀዳዳው በልክ ነው የተሠራው። ከሰፋ አበቃ።»

ማጽጃ ነፉበት፣ ትንሽ ጠበቁ፣ በአየር ገፉት። እንደገና ወደ ብርሃን ሲያነሱት የመርፌ ጫፍ የምታክል ብርሃን ታየች። ያቺን ብርሃን እስከ ዛሬ አልረሳትም። ስድስት ወር የተዘጋ ማሽን ያቺን ታህል ነገር ነበር የቸገረው።

ነገሩን ያስረዱኝ እንዲህ ነው። ቤንዚን የብዙ ፈሳሾች ድብልቅ ነው። ሞተር በብርድ ቶሎ እንዲነሳ የሚያደርጉት ቀለል ያሉት፣ ቶሎ የሚተኑት ናቸው። ሲቀመጥ ቀድመው ጥለው የሚሄዱትም እነሱ ናቸው። የቀረው ከአየር ጋር እየተነካካ ይወፍራል፣ ይጣበቃል። ካርቡሬተር ውስጥ የምትቀረው ጥቂት ጠብታ ናት። ጥቂት ስለሆነች ደግሞ ከታንኩ ቀድማ ትበላሻለች። የብዙ ማሽኖች መመሪያ ከ30 ቀን በላይ የሚቀመጥ ከሆነ ቤንዚኑን አውጡ፣ ወይም እንዳይበላሽ የሚያቆየውን ፈሳሽ ጨምሩበት የሚለው ለዚህ ነው። የእኔም መመሪያ ይላል። ሦስት ዓመት ሙሉ ከነላስቲኩ ተቀምጦ ነበር።

ኢታኖል የሚባል አልኮልም አለ። ዛሬ በብዙ አገር የሚሸጠው ቤንዚን እስከ 10 በመቶ ኢታኖል የተቀላቀለበት ነው። ኢታኖል ከአየር እርጥበት ይስባል። ውሃው ሲበዛበት ኢታኖሉ ከውሃው ጋር አብሮ ከቤንዚኑ ይለይና ታንኩ ሥር ይተኛል። ሞተሩ ደግሞ የሚጠጣው ከሥር ነው። ኢታኖሉ የቆዩ ማሽኖች ላይ የጎማ ቱቦውንና መዝጊያ ጎማውንም እየበላ ያሟሽሸዋል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አስተሳሰቤ ተቀየረ። ማሽንን የሚያደክመው ሥራ ይመስለኝ ነበር። ይሄኛውን ግን የጎዳው ዕረፍቱ ነው። ሲሠራ የምንከባከበው፣ ሲቀመጥ የምንረሳው ነገር ስንት ነው? አሁን ሥራ ጨርሼ በሩን የምዘጋባት ሰዓት ከባዷ ሰዓት እንደሆነች አውቃለሁ። ወቅቱ ሲያልቅ ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ጠብቄ ታንኩ ውስጥ ያለውን ቤንዚን አወጣለሁ። ከዚያ ደጅ ላይ አስነሳዋለሁ፤ ካርቡሬተሩ ውስጥ የቀረችውን ጠጥቶ ራሱ እስኪጠፋ እጠብቃለሁ። መጨረሻ ላይ ድምፁ ድንገት ከፍ ይልና፣ አንዴ ሁለቴ ይንተፋተፍና ጸጥ ይላል። ጀሪካኑ ላይም ቤንዚኑን የገዛሁበትን ቀን እጽፋለሁ።

የዘይቱ ነገር ከዚህ ይቀላል። አዲስ ማሽን ከሆነ የመጀመሪያው ዘይት ብዙ ጊዜ ከ5 ሰዓት ሥራ በኋላ ይቀየራል። ከዚያ በየ50 ሰዓቱ፣ ካልሆነም በዓመት አንዴ። መመሪያችሁን እዩ። ካንዴላም ብዙ ትናገራለች። ጫፏ ፈዛዛ ቡናማ ከሆነ ጤና ነው። ጥቁር ጥላሸት ከለበሰች ቤንዚን በዝቷል ወይም አየር አንሷል፤ ቀድማችሁ ፊልትሮውን ተመልከቱ።

አሁን የማወራው ግን እስከ ዛሬ የሚቆጨኝን ነው።

ታናሽ ወንድሜ ሩቅ አገር ሲሄድ በክር የሚቆርጠውን ትንሿን የሳር መቁረጫ ተወልኝ። በአንገት የምትንጠለጠለዋን። በጣም ይወዳት ነበር፤ ተጠቅሞባት ሲጨርስ በጨርቅ ሳይወለውላት አያስቀምጣትም። እኔ አንድ ቀን ቸኩዬ ነበር። ለትልቁ ማሽን ከምጠቀምበት ጀሪካን ቀድቼ ሞላኋትና አስነሳኋት። ጥሩ ሠራች፤ እንዲያውም ጉልበቷ የጨመረ መሰለኝ። ትንሽ ቆይቶ ድምፁ እየቀጠነ፣ እየጮኸ ሄደ። ከዚያ በአንዴ ቆመች። ገመዱን ስስበው ንቅንቅ አይልም።

ትልቁ ማሽን ባለ አራት ምት ሞተር ነው። ዘይቱ ለብቻው ሥሩ ይቀመጣል። ትንሿ ግን ባለ ሁለት ምት ናት። ለብቻው የሚቀመጥ ዘይት የላትም። ፒስተኗን፣ ሞተሯ ውስጥ የሚመላለሰውን ብረት፣ የሚያለሰልሰው ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ የሚገባው ዘይት ብቻ ነው። የእሷ ልክ 50 ለ1 ነበር፤ ማለትም ለ1 ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር የባለ ሁለት ምት ዘይት። 40 ለ1 የሚሉም አሉ፤ እነሱ 25 ሚሊ ሊትር ይፈልጋሉ። እኔ ንጹህ ቤንዚን ነው ያጠጣኋት። ፒስተኗ ያለ ዘይት ሲፋተግ ጋለ፣ ተላላጠ፣ ሲሊንደሩ ላይ ተጣበቀ። ጋሼ ፈተው አሳዩኝ። እንደ መስታወት ልስልስ ማለት የነበረበት ብረት ላይ ከላይ እስከ ታች የተፋቀ መስመር አለ።

ለወንድሜ ደውዬ ነገርኩት። ትንሽ ዝም አለና «ግድ የለም እትዬ» አለኝ። ግድ እንዳለው ከድምፁ አወቅኩ። 20 ሚሊ ሊትር ማለት ጥቂት የሻይ ማንኪያ ነው። ዛሬ ሁለት ጀሪካን አለኝ፤ ቀለማቸው የተለያየ ነው። አንዱ ላይ «ንጹህ»፣ ሌላው ላይ «ድብልቅ» ብዬ በትልቁ ጽፌያለሁ። ሁለት ዓይነት ሞተር ቤታችሁ ካለ ዛሬውኑ ጻፉበት።

ወደ ትልቁ ልመለስ። ስለቱን ሞርጄው የማጭድ ቀን ደስ ይለኛል። የደነዘ ስለት ሳሩን ይቦጭቀዋል እንጂ አይቆርጠውም። በማግስቱ የሳሩ ጫፍ ገርጥቶ ታገኙታላችሁ። ስለቱን ፈትቼ በሞረድ እስለዋለሁ፤ ከዚያ በመሐል ቀዳዳው ምስማር ላይ አንጠለጥለዋለሁ። አንዱ ወገን ካዘነበለ ከዚያ ወገን ትንሽ እሞርዳለሁ። ሚዛኑን የሳተ ስለት ማሽኑን በሙሉ ያንቀጠቅጠዋል። ማሽኑን የማጋድመው ካርቡሬተሩና የአየር ፊልትሮው ወደ ላይ ሆነው ነው፤ አለዚያ ዘይቱ ወደ ፊልትሮው ይፈስሳል። ከሁሉም በፊት ግን የካንዴላውን ገመድ እነቅላለሁ። ሳልነቅል እጄ ሥሩ አይገባም። ስለቱን በእጅ ማዞር ሞተሩን ማዞር ነው፤ ሊነሳ ይችላል።

አንዴ ድንጋይ መታሁበት። ከዚያ በኋላ ገመዱን ስስበው መልሶ እጄን ይነጥቀኛል። ቮላኖውን፣ ማለትም ሞተሩ ላይ የሚሽከረከረውን ከባድ ክብ ብረት፣ ከዘንጉ ጋር የምትይዝ ለስላሳ ብረት አለች፤ ጥፍር ታክላለች። እሷ ተቆርጣ እሳቱ የሚጫርበት ጊዜ ተዛብቶ ነው። ጋሼ አዲስ ከተኩባት በኋላ ተስተካከለ። ከዚያ ወዲህ ከማጨዴ በፊት ግቢውን በእግሬ ዞሬ ድንጋይና እንጨት እለቅማለሁ።

እጀታው ላይ ስላለው የማቆሚያ ዘንግም ልናገር። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1982 ጀምሮ እየተገፋ የሚያጭድ ማሽን እጀታው ሲለቀቅ ስለቱ በ3 ሰከንድ ውስጥ መቆም አለበት የሚል ደንብ አለ። ያን ዘንግ እጄን አደከመኝ ብለው በገመድ የሚያስሩት ሰዎች አይቻለሁ። ባየሁ ቁጥር ሆዴ ይረበሻል። እባካችሁ ፍቱት። ሰው ሲያንሸራትተው፣ ልጅ ሮጦ ሲመጣ፣ ያቺ 3 ሰከንድ እግር ታተርፋለች። በተዘጋ ቤት ውስጥም አታስነሱት። ካርቦን ሞኖክሳይድ አይሸትም፣ አይታይም።

ስለ ጆሮዬ ደግሞ አዝናለሁ። እንዲህ ያለ ማሽን 90 ዴሲቤል አካባቢ ይጮኻል። ከ85 በላይ ለረጅም ሰዓት መስማት ጆሮን ይጎዳል። የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ያለ መከላከያ ነው ያጨድኩት።

«ታዲያ ለምን ወደ ባትሪ አትቀይሪም?» የሚሉኝ አሉ። ጥያቄው ትክክል ነው። የካሊፎርኒያ የአየር ሀብት ቦርድ ያወጣው ስሌት አለ። ቅጠል የሚነፋ የቤንዚን ማሽን ለ1 ሰዓት ሲሠራ የሚያወጣው አየር በካይ ጋዝ፣ አንድ የቤት መኪና 1,770 ኪሎ ሜትር ያህል ተነድቶ ከሚያወጣው ጋር ይስተካከላል ይላል። ይህን ካነበብኩ በኋላ ቅጠሉን በመጥረጊያ ነው የምጠርገው። ይሄ ማሽን ሲያበቃለትም የምገዛው ባለ ባትሪ ነው፤ ወስኛለሁ። ግን ገና የሚሠራ ሞተር አውጥቶ መጣል አልሆነልኝም። እስከዚያው ፊልትሮው ንጹህ፣ ስለቱ ስል፣ ጭሱ ጥቂት እንዲሆን የማደርገውን አደርጋለሁ።

ጋሼ አሁን አይመጡም። ጉልበታቸው እምቢ ብሏል። መስኮታቸው ሥር ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። በየዓመቱ ማሽኑን ለመጀመሪያ ጊዜ በማስነሳበት ቀን ስልክ ይደውሉልኛል። ትናንትም ደወሉ።

«በስንተኛው ተነሳ?»

«በሁለተኛው ጋሼ።»

«ሰምቼዋለሁ። ግን ከፍ ዝቅ ይላል፤ ትንፋሹ አይረጋም። ቤንዚን ያንሰዋል። ካርቡሬተሩን ክፈቺው።»

እኔ አልሰማሁትም ነበር። ደግሜ አስነስቼ ጆሮዬን ሰጠሁት። እውነትም ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል፣ ከፍ ይላል። ስለዚህ ዛሬ ከፍቼዋለሁ። የናሷ ብሎን መዳፌ ላይ ናት። ቆይ ወደ በሩ ላውጣትና በብርሃን ልያት።