ማይሉን ጻፉት፦ በራስ መኪና ሠርቶ ታክስ ስለማስቀነስ

በዋሽንግተን ዲሲና አካባቢው በራሳቸው መኪና የሚሠሩ አድማጮች ደውለው ለጠየቁት ጥያቄ የታክስ ባለሙያ የሰጡት መልስ ነው።

ጥያቄ፦ ኡበር እነዳለሁ። ነዳጁንም ማይሉንም ታክስ ከሚከፈልበት ገቢዬ ላስቆርጥ?

መልስ፦ ሁለቱን አንድ ላይ አይሆንም። ለ2025 በማይል 70 ሳንቲም የሚታሰበው ነዳጁን፣ ዘይቱን፣ ጎማውን፣ ኢንሹራንሱን፣ ጥገናውንና የመኪናውን እርጅና ሁሉ ይዞ ነው። በላዩ የሚጨምሩት ለሥራ የከፈሉትን ቶል (የመንገድ ክፍያ)ና ፓርኪንግ፣ ኡበር የሚወስደውን ኮሚሽን፣ ከስልክ ክፍያዎም ለሥራ የዋለውን ድርሻ ነው። የራስዎን መኪና ሥራ ባስጀመሩበት ዓመት በማይል ካላስገቡ፣ በዚያ መኪና ኋላ ወደ ማይል መዞር የለም። መኪናው ሊዝ (በኪራይ ውል የተያዘ) ከሆነ ደግሞ በማይል ከጀመሩ ውሉ እስኪያልቅ በማይል ነው። ማይሉን ግን ይጻፉት።

ጥያቄ፦ የኤጀንሲ ተቀጣሪ ነኝ፤ በራሴ መኪና እየዞርኩ በሽተኞችን በየቤታቸው እንከባከባለሁ። ማይሌ ይቆረጥልኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ደመወዝዎ በደብልዩ-2 (አሠሪ ለተቀጣሪ በየዓመቱ በሚሰጠው የደመወዝ ቅጽ) የሚመጣ ከሆነ በፌዴራል ታክስ ላይ አይቆረጥልዎትም። ከ2018 ጀምሮ ቀርቷል። መጠየቅ ያለብዎት አሠሪዎን ነው። ቀኑን፣ ከየት ወዴት እንደሄዱና ማይሉን ጽፈው ሲሰጡ፣ አሠሪዎ ለ2025 በማይል እስከ 70 ሳንቲም ቢከፍልዎት ታክስ የለበትም። ጠዋት ከቤትዎ ወደ ሥራ፣ ማታም ወደ ቤት የሚነዱት የግል ጉዞ ነው።

ጥያቄ፦ በሥራ ላይ እያለሁ የተቀጣሁት የትራፊክ ቅጣትስ?

መልስ፦ አይቆረጥም።

ጥያቄ፦ ዓመቱን ሙሉ ምንም አልጻፍኩም። ታክስ የሚሠራልኝ ሰው «40,000 ማይል እንበል» አለኝ። ችግር አለው?

መልስ፦ አለው ወንድሜ፣ ትልቅ ችግር አለው። ስኬጁል ሲ (የግል ሥራ ገቢና ወጪ የሚሞላበት የታክስ ቅጽ) ላይ አራተኛውን ክፍል አውጥተው ያንብቡት። «ማስረጃ አለዎት? ካለ በጽሑፍ ነው?» ይላል። ያልጻፈ ሰው እዚያ ላይ «አዎ» ብሎ ፈርሞ ይልካል።

ምርመራ ሲመጣ ሊጠየቁ ከሚችሉት አንዱ የዘይት ቅየራ ደረሰኝ ነው፤ የማይል ቆጣሪው ንባብ ተጽፎበታል። የጃንዋሪው 52,300፣ የዲሴምበሩ 81,100 ቢል፣ መኪናዎ የግሉንም የሥራውንም ጨምሮ የሄደው 28,800 ማይል ነው። 40,000 ከየት መጣ? ለመኪና ወጪ ሕጉ ግምት አይቀበልም፤ ስለዚህ እውነት የሠሩበትም ማይል አብሮ ሊወድቅ ይችላል። ከዚያ የገቢ ታክሱ፣ 15.3 በመቶው የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር ክፍያ፣ ወለዱ፣ በላዩም 20 በመቶ ቅጣት ይመጣል። ሆን ተብሎ የተደረገ ማጭበርበር ከተባለ ቅጣቱ 75 በመቶ ነው። ባይያዙ እንኳ፣ በተነፋ ማይል ገቢዎን አሳንሰው ቤት ልግዛ ሲሉ ባንኩ የሚያየው ያንኑ ትንሽ ገቢ ነው።

አሁን የሚያደርጉት ይህ ነው። ከኡበር አካውንትዎ የዓመቱን የታክስ ማጠቃለያ ያውርዱ፤ ማይል አለበት። ደረሰኞችዎንና በስልክዎ የተመዘገበውን የጉዞ ታሪክ ይሰብስቡ፤ በማስረጃ የሚቆመውን ብቻ ያስገቡ። ከዛሬ ጀምሮ ደግሞ ቀን፣ መድረሻ፣ ምክንያት፣ ማይል በየዕለቱ ይጻፉ። በጃንዋሪ 1 የማይል ቆጣሪውን ፎቶ ያንሱ። ያ ታክስ የሚሠራልዎት ሰው ፈርሞ የፒቲን ቁጥሩን (ለታክስ ሠሪዎች የሚሰጠውን መለያ) ካላሰፈረ ወረቀትዎን ተቀብለው ይውጡ።

ጥያቄ፦ ከአይ አር ኤስ (ከፌዴራሉ የታክስ መሥሪያ ቤት) ስለ መኪና ወጪ ደብዳቤ ደረሰኝ።

መልስ፦ በስልክ የሚመለስ አይደለም። ደብዳቤው ላይ ያለው የመልስ ቀን ሳያልፍ ሲፒኤ (ፈቃድ ያለው የሒሳብ ባለሙያ) ወይም ኢንሮልድ ኤጀንት (በአይ አር ኤስ ፊት እንዲወክል ፈቃድ ያለው የታክስ ባለሙያ) ዘንድ ይዘውት ይሂዱ።