ዜናን እንደ ርስት የተካፈሉ

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፤

ካርቴል ሲባል ወዲያው በዓይነ ሕሊናችን የሚመጣው ዋጋ ለማስወደድ የተማማለ የነጋዴ ስብስብ ነው። በጋዜጣው ዓለም ግን ከዋጋው ይልቅ የከፋው ተፎካካሪን ከዜና ምንጩና ከማስታወቂያ ገቢው ማራቁ ነበር።

ዜና እያሰባሰቡ ለጋዜጦች የሚሸጡት የዜና ድርጅቶች፣ የፓሪሱ ሃቫስ፣ የበርሊኑ ቮልፍና የለንደኑ ሮይተርስ፣ እ.ኤ.አ. በ1870 በተፈራረሙት ውል ዓለምን እንደ ርስት ተካፈሉ። አንዱ በሌላው ድርሻ ገብቶ ዜና እንዳይሸጥ በመስማማታቸው፣ ጋዜጦች ስለ ሩቅ አገር የሚያትሙት በአብዛኛው አገራቸው በድርሻው የወደቀችለት ድርጅት አጣርቶ ያቀበላቸውን ነበር። ሥርዓቱ የፈረሰው በ1934 ነው።

በአሜሪካ ደግሞ የኒውዮርክ ጋዜጦች በ1846 አሶሺየትድ ፕሬስን ሲመሠርቱ ዓላማቸው ዜና የማሰባሰብ ወጪን መጋራት ነበር፤ በዚህ የሚነቀፍ ነገር አይታየኝም። የሚነቀፈው አባል ጋዜጣ በከተማው የሚነሣበት ተፎካካሪ አባል እንዳይሆን ለመከላከል ያስቻለው የኋለኛው መተዳደሪያ ደንብ ነው። በ1941 የተቋቋመው ቺካጎ ሰን የተባለ ጋዜጣ በዚሁ ደንብ በሩ ሲዘጋበት ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ። ድርጅቱ በፕሬስ ነፃነት ሊከለል ቢሞክርም፣ የ1945ቱን የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ የጻፉት ዳኛ ሁጎ ብላክ፣ ሕገ መንግሥቱ ለማተም እንጂ ሌላው እንዳያትም ለማደም ነፃነት እንዳልሰጠ ገለጹ።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን በኦሃዮ ግዛት የምትገኘው የሎሬን ከተማ ጉዳይ ነው። ሎሬን ጆርናል በ1932 ብቸኛ ዕለታዊ ተቀናቃኙን ገዝቶ ካጠቃለለ በኋላ ከከተማዋ ቤተሰቦች 99 በመቶ ለሚሆኑት ይደርስ ነበር። በ1948 በአቅራቢያው የሬዲዮ ጣቢያ ሲከፈት፣ የጋዜጣው ሰዎች ሥርጭቱን በጆሯቸው እየተከታተሉ በሬዲዮ የሚያስነግሩትን ነጋዴዎች መለየት ጀመሩ፤ ያስነገረ ሁሉ የጋዜጣ ማስታወቂያ ውሉ ይቋረጥበታል። ያለ ጋዜጣው ገበያው የሚቀዘቅዝበት ባለ ሱቅ ምርጫ አልነበረውምና ብዙዎቹ ከሬዲዮው ራቁ። ፍርድ ቤቱ ይህን ሕገ ወጥ ያለው በ1951 ነው።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ተገለበጠ። የአሪዞናዋ የቱሰን ከተማ ሁለት ጋዜጦች ከ1940 ጀምሮ የማስታወቂያ ዋጋ አብረው ይተምኑ፣ ትርፍም ይካፈሉ ነበር፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይህን በ1969 ቢኮንነውም፣ ኮንግረስ በዓመቱ ለመክሰር የተቃረበ ጋዜጣ ከተፎካካሪው ጋር እንዲህ እንዲዋዋል የሚፈቅድ ሕግ አወጣ። ሁለት የዜና ክፍሎች ይተርፋሉ ተባለ፤ ለማስታወቂያ አስነጋሪው የቀረው ግን አንድ ካዝና ብቻ ነው። ከሁለቱ ደካማ የነበረው ቱሰን ሲቲዝንም ቢሆን በ2009 መታተም አቁሟል።