የጦሳ የእግር መንገድና የባሕር ዛፍ እሳት

ሰላም! ያለነው ጦሳ ተራራ ወገብ ላይ ነው፣ ደሴ ከታች ቁልጭ ብላ ትታያለች። ዛሬ የእግር መንገድ ስለ መጠገንና ስለ እሳት ነው የማወራችሁ። ምን አገናኛቸው? ቆዩ፣ እደርስበታለሁ።

(ካሜራው ወደ መሬት)

መሃሉ እንዴት እንደጎደጎደ እዩ። ብዙ ሰው በአህያ ኮቴ ያመካኛል። ኮቴ ይጀምረዋል እንጂ የሚጨርሰው ውኃ ነው፤ የሐምሌ ዝናብ ያቺን ጉድጓድ ይዞ ቁልቁል ይወርዳል፣ ዝም ከተባለ ቦረቦር ይሆናል። አፈር ብቻ መሙላት ትርፉ ድካም ነው፣ ጎርፉ ጠራርጎ ቦርከና ወንዝ ይከተዋል።

መላው ውኃውን ከመንገዱ ማስወጣት ነው። ትልልቅ ድንጋይ በሰያፍ ቅበሩ፣ አብዛኛው አካሉ መሬት ውስጥ ይግባ፣ አለዚያ የተጫነች አህያ ትነቅለዋለች። ቀጥ አድርጋችሁ አግድም ከደረደራችሁት ውኃው ይጠራቀምና በላዩ ዘሎ ይሄዳል፤ ሰያፍ ከሆነ ግን ራሱ ወደ ጠርዙ ይመራዋል። አቀበቱ በጠና ቁጥር አቀራርቧቸው። መውጫው ደግሞ የሰው ጓሮ ላይ እንዳይሆን፣ ጠብ ነው የሚያመጣው!

አሁን እሳቱ። ዙሪያችን ባሕር ዛፍ ነው። ቅጠሉ ዘይት አለው፣ ልጣጩ ተልጦ ይንጠለጠላል፣ ከተያያዘ ነፋስ ልጣጩን እየነደደ ወስዶ ሌላ ቦታ ይጥለዋል። እሳት ዳገት ሲወጣ ደግሞ ይፈጥናል፣ ነበልባሉ ከላይ ያለውን ሣር አስቀድሞ ስለሚያደርቀው። በግምት ዳገቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ፍጥነቱ እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ከበታችሁ ከተነሳ ወደ ላይ እንዳትሮጡ፣ ወደ ጎን ውጡ።

መንገዱ እዚህ ላይ ነው የሚገባው። እስከ አፈሩ የተጠረገ መንገድ ላይ መሬት ለመሬት የሚሄድ እሳት የሚበላው ያጣል። ቅጠል የሞላበት ግን የኩራዝ ክር ነው። የእሳት አደጋ መኪና እዚህ ስለማይወጣ፣ እርጥብ ቅርንጫፍና አካፋ ይዞ የሚደርስ ጎረቤት በዚህችው መንገድ ነው የሚመጣው። ዛፍ አናት ላይ ለወጣ እሳት ግን መንገዱ አይበቃም፣ እዚያ ጋ ሰው ማውጣት ይቀድማል።

ቤት ውስጥም ሥራ አለ። ለምጣድ የባሕር ዛፍ ቅጠልን የሚያክል የለም፣ አልክድም። ግን ማድቤቱ ላይ አስደግፎ መከመር ምን ይሉታል? ቢያንስ 10 ሜትር አርቁት። አመድም እንደዚያው፣ ማታ ያዳፈንነው ፍም ጠዋት እየሞቀ የሚገኘው ለምን ይመስላችኋል? ውኃ አፍሱበት፣ በእንጨት አማስሉት፣ እንደገና አፍሱ። ኅዳር 12 ሲታጠንም ቆሻሻው ጉድጓድ ውስጥ ይቃጠል፣ ሣሩ ዳር አይሁን።

የመንገዱን ሥራ ጥቅምት ላይ አድርጉት። መሬቱ ገና ዶማ ይቀበላል፣ ሣሩም አልደረቀም። ከበልግ በፊት ደግሞ የውኃ መውጫዎቹን አንዴ ጠረግ ጠረግ አድርጓቸው፣ በቅጠል ይደፈናሉ።